ኩሩ ነበር ልበል ወይስ ኩራተኛ? ለአባቴ ሙት ዓመት አንድ ቃል ቸገረኝ

የልብስ ሰፊው ልጅ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እንደምን አመሻችሁ። የአባቴ ሙት ዓመት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ቤተሰቡ አጭር የሕይወት ታሪክ ጽፌ በዝክሩ ላይ እንዳነብ ኃላፊነቱን ለእኔ ሰጥቶኛል። የተወለደበትን አገር፣ አዲስ አበባ የገባበትን ዘመን፣ ሙያውን፣ ልጆቹን ሁሉ ጽፌ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ጠባዩን የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እዚያ ላይ ከቆምኩ ሦስት ቀን ሆነኝ።

አባዬ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ሱቅ የነበረው ልብስ ሰፊ ነው። ሙሉ ልብስና ካቦርት ብቻ ነበር የሚሰፋው። የሚያውቀው ሰው ሁሉ ስለ እሱ የሚያነሣው አንድ ነገር ነው፤ ራሱን ከፍ አድርጎ ያይ ነበር። ብድር አይጠይቅም። ሠርግ ተጠርቶ ጥግ ላይ ካስቀመጡት ሙሽሮቹን መርቆ ይመለሳል እንጂ እህል አይቀምስም። ዕዳ ያለበት ደንበኛ መንገድ ላይ ቢያገኘው ብሩን አያነሣበትም፣ ሰላምም አይለውም።

እኔ «ኩሩ ሰው ነበር» ብዬ ጻፍኩ። አክስቴ አንብባ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ «እውነት ነው» አለች። አጎቴ ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰና «ይሄ ውሸት ነው። ወንድሜ ኩራተኛ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሳያናግረኝ ነው የሞተው» አለኝ።

ሁለቱም አልተሳሳቱም። የቸገረኝም ለዚህ ነው። ራሱን ከፍ አድርጎ ለሚያይ ሰው አማርኛችን ያለውን ቃል ሁሉ ንገሩኝ። ሳልዋሽም፣ ሳላዋርደውም የምጽፈው የትኛውን ነው?

ገነት ከካዛንቺስ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ነፍስ ይማር እህቴ። ቃሉማ ሞልቷል፤ ችግሩ አብዛኛው ስድብ መሆኑ ነው። ቡና እስኪፈላ ቁጭ ብዬ ብቆጥር ሃያ ሊሞላልኝ ምንም አልቀረው። ትዕቢተኛ፣ እብሪተኛ፣ ጉረኛ፣ ቱልቱላ፣ ጥጋበኛ፣ ትምክህተኛ፣ ሰው ጤፉ፣ ተመጻዳቂ፣ ቀብራራ፣ ማን አለብኝ ባይ፣ አውቃለሁ ባይ፣ ልታይ ልታይ ባይ፣ የተኮፈሰ፣ የተጀነነ፣ የተወጠረ፣ ራሱን የካበ፣ ደረቱን የነፋ፣ መሬት አይንካኝ የሚል።

ከእነዚህ ሁሉ በጣም የሚያመኝ ሰው ጤፉ ነው። ጤፍን ለቅማ የምታውቅ ሴት ይገባታል። ከእህል ሁሉ ትንሿ እሷ ናት፤ ከጣት መሐል ሾልካ ስትወድቅ ማንም ጎንበስ ብሎ አያነሣትም። ሰውን እንዲያ አድርጎ የሚቆጥር ማለት ነው። አባትሽ እንዲያ ነበሩ?

የልብስ ሰፊው ልጅ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡12

እግዜር ይስጥልኝ ገኒ። ሰው ጤፉስ አልነበረም። ተላላኪውን ልጅ እንኳ «አቶ» ብሎ ነበር የሚጠራው።

መምህሩ አራት ኪሎ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ነፍስ ይማር። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ትንሽ ብረዝም ይቅርታችሁ።

ኩሩም ኩራተኛም የወጡት ከአንድ ግስ፣ ከኮራ ነው። ኩሩ የሰውየውን ሁኔታ ይነግረናል። ማንም ባያየው፣ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ቢቀመጥ ያው ኩሩ ነው። ኩራተኛ ግን ያለ ሌላ ሰው አይሆንም፤ የሚኮራበት ሰው ፊቱ መቆም አለበት። ስለዚህ «ኩሩ ሕዝብ» ስንል ምስጋና ነው፤ «ኩራተኛ ሕዝብ» ያልን ዕለት ግን ጠብ ፈለግን ማለት ነው። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ኛ» ነገሩን ሥራዬ ብሎ እንደያዘው ታደርገዋለች፤ ሐሜተኛ፣ ነገረኛ፣ ጉረኛ እንደምንለው።

ገነት ከጻፈቻቸው ውስጥ አንዳንዶቹ ደግሞ በ«ተ» ከሚጀምሩ ግሶች የወጡ ናቸው፤ ሌሎችም አሉ። ተኮፈሰ፣ ተጀነነ፣ ተኩራራ፣ ተመጻደቀ፣ ተንጠራራ፣ ተዘባነነ። ታጠበ፣ ተላጨ፣ ተኳለ እንደማለት ነው፤ ሰውየው በገዛ ራሱ ላይ የሚሠራው ሥራ። ማንም ከፍ አላደረገውም፣ ራሱን በራሱ ከፍ አደረገ። ልጆቼ ላባዋን የነፋች ዶሮ አይተው ሲስቁ «ኮፍሳለች» እላቸው ነበር። በላባዋ ውስጥ አየር እንጂ ሥጋ አልጨመረችም።

ከሁሉ የምወደው ግን «ባይ» የሚለው አሠራር ነው። «ማን አለብኝ ባይ» ስንል እኛ ፍርድ አልሰጠንም። ሰውየው በልቡ የሚለውን ቃል ወስደን ስም አደረግንለት። አውቃለሁ ባይ፣ ልታይ ባይ፣ ምሁር ነኝ ባይ። የገዛ ቃሉ ይመሰክርበታል። አባትሽን በዚህ መንገድ ልትገልጪው ብትሞክሪ ከ«ባይ» በፊት ምን ይገባል? በልቡ ምን ይል ነበር? እሱን ካወቅሽ ቃሉ ራሱ ይመጣል።

የሜክሲኮ ልጅ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

መምህር፣ በአክብሮት አልስማማም። «ኛ»ዋን ለምን ጥፋተኛ ያደርጓታል? ሐቀኛም ሠራተኛም በእሷ ነው የሚጨርሱት። እናቴ ስለ አንዲት ጎረቤታችን ስታወራ «ኩራተኛ ናት፣ ቢርባት የሰው ደጅ አትረግጥም» ትልና ወዲያው ምሳ በሳህን ሸፍና ትልክላት ነበር። ስድብ ቢሆን ምሳ ባልተከተለው። ቃሉን መጥፎ የሚያደርገው የሚለው ሰው ድምፅ ነው። አጎትሽ ኩራተኛ ሲሉ ቅሬታ ነው፤ እናቴ ስትለው ምርቃት ሊሆን ምንም አይቀረው።

የአብነት ተማሪ የነበረ ፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን።

ኩሩም ቢሆን ሁልጊዜ ምስጋና አይደለም። በምሳሌ 16፡18 ላይ «ትዕቢት ጥፋትን ይቀድማል፥ ኩሩ መንፈስም ውድቀትን» ነው የሚለው። በዝክር ላይ ካህናት አሉ፤ ኩሩ ነበር ሲባል ያ ጥቅስ ትዝ የሚለው ሰው ይኖራል። እንድትተዪው አይደለም፣ እንድታውቂው ነው።

ትዕቢት የሚለውን ቃል ግን ሰዎች ገና ሲሰሙት ይጸየፉታል እንጂ ከየት እንደመጣ ልብ አይሉትም። ሥሩ ግእዝ ነው፣ ዐብየ፤ ትልቅ ሆነ ማለት ነው። ዐቢይ ጾም የምንለው ከዚያው ነው። ዕቡይ የምንለው ትዕቢተኛም ከዚያው ነው። እመቤታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ አንድ ላይ ስትጸልይ በግእዙ «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር» ብላ ትጀምራለች፤ ነፍሴ እግዚአብሔርን ታከብረዋለች፣ ከፍ ከፍ ታደርገዋለች። በዚያችው ጸሎት ዝቅ ብላ ደግሞ ትዕቢተኞችን በልባቸው አሳብ እንደበተናቸው ትናገራለች። ልጅ ሆኜ ይህንን ጸሎት በቃሌ ስይዝ መምህራችን ያስቆሙንና «ትልቅነት አንድ ነው፤ የት እንዳስቀመጥከው ነው የሚለየው» ይሉን ነበር። ሰው ትልቅነቱን ከራሱ በላይ ላለው ሲሰጥ ምስጋና፣ ለራሱ ሲያስቀረው ትዕቢት።

ተመጻዳቂም ከጽድቅ ነው የመጣው። ቤተ መቅደስ ገብቶ ከቀራጩ ጋር ራሱን እያስተያየ «በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ» ያለው ፈሪሳዊ ነው ምሳሌው። ትዕቢተኛው ትልቅ ነኝ ይላል፤ ተመጻዳቂው ካንተ እሻላለሁ ይላል። አባትሽ ከሌላ ሰው ጋር ራሳቸውን ያስተያዩ ነበር? ካላስተያዩ ተመጻዳቂነት አይነካቸውም።

የግቢ ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ረፋድ 4፡30

ነፍስ ይማር። እኛ ስድስት ኪሎ ግቢ «ኢጎ አለበት» ነው የምንለው፣ ሲሻለን ደግሞ «ኮንፊደንስ አለው»። ውጤት የሚሰቅለውን ሰቃይ እንለዋለን፤ ያ ግን ለሥራው ነው፣ ሰቃይ ሆኖ የማይኮራ ሞልቷል። ለአባትሽ «በራስ መተማመን የነበረው ሰው» ብትዪስ? ማንም አይከፋበትም።

ገነት ከካዛንቺስ ፦ ማክሰኞ፣ ረፋድ 4፡41

ማንም አይከፋበትም፣ ማንም ግን አያስታውሳቸውም። «በራስ መተማመን» የሥልጠና አዳራሽ ይሸታል ወንድሜ። ለሥራ ማመልከቻ ይሆናል፤ ለሞተ ሰው አይሆንም።

ጋሼ ከሰባ ደረጃ ፦ ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ 9፡10

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አባትሽን ሳላውቀው አልቀርም። ያ ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ዕድሜዬን የኖርኩት እዚያው ነው፤ ካቦርት ያሰፋሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ለሠርጌ። እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም። ገበሩን በሐር አድርጎ «ውስጡን የሚያየው አንተ ብቻ ነህ፤ ስለዚህ ውስጡ ነው ማማር ያለበት» ያለኝን ሰፊ እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ስለ ጉራ ግን አንድ ነገር ልበል። የዛሬ ልጆች ፉከራንና ጉራን አንድ እያደረጋችሁት አያለሁ። አይደለም። ጥንት ጀግና ከዘመቻ ሲመለስ ግብር ላይ ተነሥቶ ዘራፍ ብሎ ራሱን ያወድሳል፤ የፈረሱን ስም ጠርቶ አባ እገሌ ነኝ ይላል። እስቲ ከሰባ ደረጃ ወጥተሽ የምኒልክ ሐውልት ሥር ቁሚ። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቶ ነው ያለው። ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። ወደ መርካቶ ስትሄጂ በድልድዩ የምናነሣቸው ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል ናቸው። በልደታ በኩል በሆስፒታሉ የምናነሣቸው ባልቻ አባ ነፍሶ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር፣ በአደባባይ። ጉረኛ ያላቸው ግን የለም። ለምን? የተናገሩትን ያየ ሰው እዚያው ተቀምጧልና። በ1888 አብሮ የዘመተው ማዶ ለማዶ ሆኖ ይሰማል፤ አንዲት ቃል ቢጨምር ያፍራል። ፉከራ ምስክር ፊት ነው። ጉራ ምስክር በሌለበት ነው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ይኸው ነው።

ከሁለቱም የሚበልጥ ሦስተኛ ዓይነት ሰው ደግሞ አለ። አይፎክርም፣ ጉራም አይነዛም፣ ግን ጀነን ይላል። «ሙያ በልብ ነው» ብሎ ዝም ይላል። አባትሽ ከዚህኛው ወገን ይመስለኛል። እኔ ብሆን «ጀነን ያለ ሰው ነበር» ብዬ እጽፋለሁ። ጀነን ማለት ቁመናም ነው፣ ጠባይም ነው። ስድብነቱ ሲጠነክር «ተጀነነ» ይሆናል፤ ለስለስ ሲል ግን ፍቅር አለበት።

የልብስ ሰፊው ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጋሼ፣ የሐር ገበሩን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። አባዬ ያንን ሲል ሰምቼዋለሁ። እሱ ባይሆን እንኳ እንደ እሱ ያለ ሰው ነው የሰፋልዎ፤ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

መምህር፣ ከ«ባይ» በፊት ምን ይገባል ብለው ጠየቁኝ። ያየሁትን ልንገርዎ።

የደርግ ዘመን ነው። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ከሲንጀሩ ሥር ተቀምጬ ቁርጥራጭ ጨርቅ እለቅማለሁ። አንድ ትልቅ ሹም ሱፍ ጨርቅ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። አባዬ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ትከሻውን ለካ፣ በደብተሩ ላይ ጻፈ። ሰውየው «ለቅዳሜ አድርስልኝ» አለ። አባዬ «ከእርስዎ በፊት ሦስት ሰው አለ» አለው። ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንተ ሰፊ፣ ልክህን እወቅ!» አለ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ወደ መሬት አዩ።

አባዬ ጠመኔውን ከጆሮው ላይ አወረደ። ቁጥሩን የጻፈባትን ገጽ ከደብተሩ ቀደዳት። ጨርቁን በእጥፋቱ መልሶ አጠፈው፣ በዚያው ጋዜጣ ጠቀለለው፣ በሲባጎ አሰረው፣ በሁለት እጁ ሰጠው። «የእኔን ልክ አውቃለሁ። የእርስዎን ልክ ግን አልወስድም» አለው። ሰውየው ወጣ።

ከዚያ አባዬ ተቀመጠና መርፌ ውስጥ ክር ሊያስገባ ሞከረ። አልገባለትም። ሁለተኛ ሞከረ። «ነይ፣ ክሩን አስገቢልኝ» አለኝ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር። በዚያ ዘመን እንደዚያ ያለ ሰው ምን ሊያደርገው እንደሚችል እኔ አላወቅኩም ነበር፤ እሱ ያውቃል። አንድ ወር ሙሉ መኪና ሱቁ ፊት በቆመ ቁጥር ቀና ይል ነበር።

ይህን ሰው ማን አለብኝ ባይ ልበለው? ማን እንዳለበት በደንብ ያውቅ ነበር።

አስተናጋጇ ከስታዲየም ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

አንብቤ አለቀስኩ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ስላላነሣው።

እነዚህ ቃላት ሁሉ ለሁሉም ሰው አይባሉም። ከታች ወደ ላይ የሚወረወሩ አሉ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወረወሩ አሉ። ሹሙን፣ ሀብታሙን ሰው ጤፉ እንለዋለን፣ ማን አለብኝ ባይ እንለዋለን፣ ያውም ዘወር ሲል። ድሃው ቀና ሲል ግን የሚባለው ሌላ ነው። «ጠገበ» ይባላል። «ተንጠራራ» ይባላል። «ልክህን እወቅ» ይባላል። እኔ አዲስ አበባ የመጣሁት ሰው ቤት ተቀጥሬ ነው። በሦስተኛው ዓመት እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንድሄድ ፈቃድ ጠየቅኩ። እመቤቲቱ ለእንግዶቿ «ጠግባለች» ብላ ስትናገር ከጓዳ ሆኜ ሰማኋት። በዚያ ሳምንት የበላሁት የተረፈውን ነበር። ከጥጋብ ጋር ምን አገናኘኝ?

ስለዚህ ቃል ስትመርጪ ማን ወደ ማን እንደሚለው አስቢ። አባትሽን ሹሙ ጥጋበኛ ሳይላቸው አይቀርም። ያን ቃል በወረቀትሽ ላይ እንዳታስገቢው።

መምህሩ አራት ኪሎ ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ልጄ፣ በሠላሳ ዓመት ማስተማር ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነትሽን ነው። ትምክህተኛም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። በግእዙ መመካት ነው፤ መመኪያ ስንል ዛሬም ደስ የሚል ቃል ነው፣ «የአገር መመኪያ» እንላለን። ትምክህተኛ ግን ፖለቲካው ወስዶት አንዱ ወገን ሌላውን የሚመታበት ዱላ ሆነ። አሁን ስለ አንድ ሰው ጠባይ ብለን ብንጽፈው አንባቢው ስለ ወገን ነው የሚያስበው። ለሕይወት ታሪክ ጨርሶ አይሆንም።

የግቢ ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

«ልኩን የሚያውቅ ሰው ነበር» ብትዪስ? ልብስ ሰፊም ናቸው፣ ታሪኩም አለ።

የልብስ ሰፊው ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

አስቤው ነበር ወንድሜ። ግን «ልኩን ያውቃል» የሚባለው አርፎ ለሚቀመጥ ሰው ነው። ሹሙ እንዲሆን የፈለገውን ሆነ ብዬ እንዳልጽፍበት ፈራሁ።

እውነት ይነገር ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05

ሁላችሁም የልጅቱን ሐዘን እያያችሁ አጎቷን ረሳችኋቸው። ሹምን ማስወጣት ኩሩነት ነው፣ አደንቃለሁ። የእናቱን ልጅ አሥራ አንድ ዓመት አለማናገር ግን ምንድን ነው? እኔም ከወንድሜ ጋር እንዲሁ ኖሬያለሁ፤ ከሁለታችን ቀድሞ የደወለ የለም፤ አሁን እሱ የለም። ያንን ኩሩነት ብሎ የሚጽፍልኝ ቢመጣ አልቀበልም። በሞተ ሰው ላይ ክፉ አይነገርም፣ እውነት ነው። ግን አጎቷ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው «ኩሩ ነበር» ሲባል ሲሰሙ እሳቸው ደግሞ ሁለተኛ ተናቁ ማለት ነው።

ገነት ከካዛንቺስ ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡30

ከባድ ነው ያልከው፣ ግን ልክ ነህ። ነፍሱን ይማር።

ምናልባት ያ ኩራት ሳይሆን ኩርፊያ ይሆን? አኩራፊ ሰው ሌላ ነው። ኩራተኛ አልፈልግህም ይላል፤ አኩራፊ ግን ፈልጎህ ነው፣ መጥተህ እንድታባብለው። የኔ እህት፣ አጣልቷቸው የነበረው ምንድን ነው?

የልብስ ሰፊው ልጅ ፦ ረቡዕ፣ ቀን 7፡15

አጎቴ ሱቅ ሲከፍት ከአባዬ ገንዘብ ተበድሮ ነበር። በዓመቱ መለሰ፣ አንድም ሳያጎድል። ግን ራሱ አልመጣም። በሱቁ ተላላኪ ልጅ እጅ፣ በፖስታ፣ ደንበኞች ባሉበት ላከለት። አባዬ ፖስታውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። «በእግሩ መጥቶ ወስዶ በሰው እጅ መለሰ» ብቻ ነው ያለው። ሲሞት መሳቢያውን ስንከፍት ፖስታው እንደታሸገ ነበር። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ብሩ የድሮው ነው፣ ከ2013 ወዲህ ገበያ አይወጣም።

ኩርፊያ ነው ገኒ። ይመስለኛል።

የሜክሲኮ ልጅ ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር በጭንቅላቴ ይዞራል። እናቴ ስመረቅ «ኮራሁብህ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ያ ሀብታም ዘመዳችን ደግሞ መንገድ ላይ አይቶኝ ሲያልፍ ለእናቴ «ኮራብኝ» ነው ያልኳት። አንድ ቃል ነው። ኮራብኝ፦ በእኔ ደስ ብሎት ደረቱን ነፋ። ኮራብኝ፦ ናቀኝ፣ ፊቱን አዞረብኝ። ፊደሉ አይለይም፣ ድምፁ አይለይም። መምህር፣ ትክክል ነኝ?

መምህሩ አራት ኪሎ ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

ትክክል ነህ። «ብ» ሁለቱንም ትሸከማለች፦ ዘነበልኝና ዘነበብኝ ስንል እንደምትጎዳው፣ ጻፈበት ስንል ደግሞ በእሱ ላይም በእሱ መሣሪያነትም እንደምትሆነው። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ቃሉ የተነገረለት ሰው ብቻ ነው። አንዳንዴ እሱም አያውቅም።

የልብስ ሰፊው ልጅ ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

አንዳንዴ እሱም አያውቅም። መምህር፣ ይህ የእኔ ነው።

አባዬ አንድም ቀን ኮራሁብሽ ብሎኝ አያውቅም። ስድስት ኪሎ ስመረቅ መጥሪያ ካርድ ሰጠሁት፤ አዳራሽ አልገባም። ሳልፈልገው ወጥቼ በሩ ጋ አገኘሁት። የሰፋውን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ብቻውን፣ ከሰው ራቅ ብሎ ቆሟል። የሁሉም አባት ልጁን አቅፎ ፎቶ ይነሣል። የእኔ አባት መጣና የገዋኔን ኮሌታ አቃናልኝ። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ያለውን ስፌት በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ወደ ውስጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። «ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሰፋው?» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ታክሲ እስክናገኝ ድረስ ግን እጁን ከትከሻዬ ላይ አላነሣም።

ያን ቀን ኮራብኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ቃሉ አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ ከሰባ ደረጃ ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡00

ልጄ፣ የተጣመመ ስፌት ለብሰሽ ማየት አላስቻለውም። እኔም የሦስት ሴት ልጆች አባት ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ቀን አውቀዋለሁ።

ለአጎትሽ የጻፍሽውን ከዝክሩ በፊት አንብቢላቸው። ድንኳን ውስጥ መጀመሪያ እንዳይሰሙት።

የልብስ ሰፊው ልጅ ፦ እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20

ጋሼ እንዳሉኝ አደረግኩ። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ አጎቴ ቤት ሄጄ አነበብኩለት። ፖስታውንም ወስጄለት ነበር። ሳይከፍተው ብዙ ጊዜ በእጁ ይዞት ቆየ። «ያን ቀን ለምን ራሴ እንዳልሄድኩ ታውቂያለሽ? ያለ እሱ ሰው መሆኔን እንዲያይ ፈልጌ ነው። ሰው መላክ የምችል ሰው መሆኔን» አለኝ። ከዚያ «እሱንም ጻፊው። ስሜን ጥሪና ጻፊው» አለ።

ስሙን እዚህ አላወጣም። በዝክሩ ላይ የማነበው ይህ ነው፤ የአማርኛ ስህተት ካለው መምህር ያርሙልኝ፦

«አባታችን ጉራ ሲነዛ የሰማው የለም፤ ቀና ከማለት ያቆመውም የለም። ሹም ሲያዋርደው ጨርቁን አጥፎ በሁለት እጁ መለሰ፤ ከዚያ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ አቃተው። ወንድሙ ብድሩን በሰው እጅ ስለላከለት አሥራ አንድ ዓመት አላናገረውም፤ ወንድሙም የላከው ራሱን የቻለ ሰው መሆኑን ሊያሳየው ነበር። ሁለቱም ቀድመው አልደወሉም። አባታችን ሁላችንንም ኮርቶብናል።»

መምህሩ አራት ኪሎ ፦ እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡45

«ሁላችንንም» ከሚለው ላይ «ን»ዋን አንሥተሽ «በሁላችንም ኮርቷል» ብትዪ ሰዋስዉ ይቃናል፤ ግን ያን ጊዜ አንዱ ትርጉም ብቻ ይቀራል። እንዲህ በይው፦ «አባታችን ኮርቶብናል።» ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተዪው።

የልብስ ሰፊው ልጅ ፦ እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡52

አስተካክዬዋለሁ መምህር።